ጀጎልን በደንብ ማየት ለምትፈልጉ፦ በየት ገብታችሁ፣ ምን ለብሳችሁ፣ ማንን ጠይቃችሁ

ሐረር ሄዶ የመጣ ሰው ሁሉ የሚያወራው ማታ ሰው በእጁ ስለሚያበላው ጅብ ነው። ጅቡንም እዩት፣ ግን እሱ ማታ ከግንቡ ውጭ ነው፣ ቀናችሁን ለጀጎል ስጡት። ጀጎል ማለት ግንቡም ነው ውስጡ ያለው ከተማም ነው፣ ግንቡን የሐረር ገዥ የነበረው አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው ያስገነባው፣ ውስጡ 82 መስጊድ እና ከመቶ በላይ የአውልያ፣ የቅዱሳን ሰዎች ማለት ነው፣ ቦታ አለ፣ ዩኔስኮ ደግሞ በ1998 ዓ.ም መዝግቦታል። ይሄ ሁሉ 48 ሄክታር ገደማ ላይ ነው ያለው። ትንሽ ስለሆነ ሰው በሁለት ሰዓት ዞሬ ጨረስኩ ይላል፣ እኔም የመጀመሪያ ጊዜ እንደዛ ነው ያደረግኩት፣ ፎቶ ይዤ ነው የተመለስኩት ሌላ ምንም አላየሁም።

ከአዲስ አበባ የምትመጡ በፕላን ወይም በባቡር ድሬዳዋ ትወርዱና ከዛ በሚኒባስ ወደ ላይ ትወጣላችሁ፣ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ድሬ ሙቀት ነው ብላችሁ ጃኬት እንዳትተዉ፣ ሐረር ደጋ ቢጤ ናት ማታ ይበርዳል።

መግቢያው ላይ ልምከራችሁ። መኪና የሚገባው በሐረር በር ነው፣ ሰው ሁሉ በዛ ገብቶ ቀጥ ብሎ መሀል ያለው አደባባይ፣ ፈረስ መጋላ፣ ይደርሳል። እናንተ ግን በሸዋ በር ወይም በቡዳ በር በእግር ግቡ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት አካባቢ፣ ፀሐዩ ሳይከር። የድሮዎቹ በሮች አምስት ናቸው፣ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር፣ ሐረሪዎቹ ደግሞ ለእያንዳንዱ የራሳቸው ስም አላቸው ጠይቋቸው ደስ ይላቸዋል። በዛ ስትገቡ ወዲያው ጠባብ መንገድ ውስጥ ናችሁ፣ በግራም በቀኝም ኖራ የተቀባ ግድግዳ፣ አንዳንዱ ነጭ፣ አንዳንዱ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሁለት ሰው ሲተላለፍ ትከሻ ለትከሻ ነው። መሬቱ ድንጋይ ነው፣ ዝናብ ከጣለ ያዳልጣል፣ ሶሉ ያለቀ ጫማ አታድርጉ፣ ግን በቀላሉ የሚወልቅ ይሁን፣ ምክንያቱም ቀኑን ሙሉ ስታወልቁ ነው የምትውሉት።

አለባበስ ላይ፣ ሴቶች ነጠላ ወይም ሻሽ በቦርሳ ያዙ፣ ረጅም ቀሚስ ወይም ሰፊ ሱሪ ይበቃል። ወንዶችም ቁምጣ ይቅርባችሁ። ካልያዛችሁ ደግሞ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ላይ ጨርቅ ገዝታችሁ እዛው ማሰፋት ይቻላል፣ ስሙ ራሱ ከስፌት መኪናው ድምፅ የመጣ ነው፣ ልብስ ሰፊዎቹ በር በሩ ላይ ተደርድረው ነው የሚሰሩት።

አሁን ዋናው ነገር። ይሄ ቦታ ሙዚየም አይደለም፣ ሰው የሚኖርበት የሚሰግድበት ነው። ትልቁ ጃሚዕ መስጊድ ሙስሊም ካልሆናችሁ ብዙ ጊዜ ከውጭ ነው የምታዩት፣ ሙስሊም ከሆናችሁ ደግሞ የሴቶች በር ለብቻ ስለሆነ ጠይቃችሁ ግቡ። በሶላት ሰዓት በር ላይ ቆሞ ካሜራ መደገን በጣም ነውር ነው፣ ጁምዓ ቀን ከቀትር በፊት ከአካባቢው ዞር በሉ፣ ከሰዓት ትመለሳላችሁ።

አዋቹ ጋ ግን፣ ማለትም የአውልያዎቹ መቃብር ጋ፣ ማንም በአክብሮት ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ ይገባል። ሐረሪዎች አው የሚሉት ለታላቅ ሰው ነው፣ አው አባድር እንደሚሉት። እያንዳንዱ ቦታ ሙሪድ የሚባል ጠባቂ አለው፣ ሳታናግሩት እንዳትገቡ። እኔ አሚር ኑር መቃብር ስሄድ፣ ያ አረንጓዴ የተቀባው ጉልላት፣ አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ተቀምጠው ነበር፣ ሰላምታ ሰጠኋቸው፣ ጫማዬን አወለቅኩ፣ ልገባ ስል «በቀኝ እግርህ ልጄ» አሉኝ። ውስጥ ጨለም ይላል፣ የዕጣን ሽታ አለ። ከዛ እጃቸውን ዘርግተው «ለማን ዱዓ ላድርግ?» ሲሉኝ የእናቴን ስም ነገርኳቸው፣ ስሟን እየጠሩ ረጅም ዱዓ አደረጉላት። ክርስቲያን ናት ስላቸው «እናት እናት ናት» ብለው ቀጠሉ። ስትወጡ የአቅማችሁን በእጃቸው ስጡ፣ ስለዚህ ዝርዝር ብር ያዙ፣ ዋጋ አይጠየቅም አይከራከርምም።

የሐረሪ ቤት ሳታዩ እንዳትመለሱ። አንዳንድ ቤተሰብ እንግዳ ያሳድራል፣ አንዳንዱ በአስጎብኚ በኩል ያስገባል። ሳሎኑ ውስጥ ነደባ የሚባል ቀይ የተቀባ መደብ በአምስት ደረጃ አለ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው፣ ስለዚህ ዘው ብላችሁ ከፍ ያለው ላይ እንዳትቀመጡ፣ እማማን የት ልቀመጥ ብላችሁ ጠይቁ። ቀዩን ቀለም በ1879 ዓ.ም በጨለንቆ ጦርነት ላይ ከፈሰሰው ደም ጋር የሚያገናኙት አሉ። ግድግዳው ሙሉ ሰፌድ ነው፣ በእጅ የተሰፋ፣ ቀረብ ብላችሁ እዩት ስፌቱ በጣም ደቃቅ ነው። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካያችሁ ደግሞ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው።

አስጎብኚ ስትይዙ መታወቂያ ያለው ይሁን፣ ዋጋውን ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ አዋቹን ማየት እንደምትፈልጉ ከመጀመሪያው ንገሩት፣ አለበለዚያ ገበያና ሙዚየም ብቻ አዙሯችሁ ይጨርሳል። ገበያ ላይ ያሉትን ሴቶች ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ፣ እምቢ ካሉ በቃ እምቢ ነው።

በረመዳን ከሄዳችሁ መንገድ ላይ አትብሉ አትጠጡ። ከኢድ በኋላ ግን የሸዋል ኢድ አለ፣ በ2016 ዓ.ም ዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ የመዘገበው፣ ከስድስት ቀን የሸዋል ፆም በኋላ ነው የሚከበረው፣ ከተማው ሌሊቱን አይተኛም፣ ማደሪያ ቀደም ብላችሁ ያዙ።

አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ሐሙስ ይሁን። ሐሙስ ማታ አው አባድር መቃብር ጋ ዚክሪ የሚባል የመንፈሳዊ ዜማ ሥነ ሥርዓት አለ፣ ከበሮ ይመታል፣ እንጨት ያጋጫሉ፣ ሽማግሌም ወጣትም አብሮ ያዜማል። አስጎብኚያችሁ ቀን ሄዶ ያስፈቅድላችሁ፣ ሴቶች ከሴቶች ጋር ወንዶች ከወንዶች ጋር ተቀመጡ፣ ስልካችሁን ኪስ ውስጥ ክተቱ፣ ሆጃ ሲቀርብላችሁ፣ ከቡና ገለባ በወተት የሚፈላው ማለት ነው፣ በቀኝ እጃችሁ ተቀበሉ፣ ትኩስ ነው ቀስ ብላችሁ ጠጡ።