ዓሣዋን ለወፍ የሚያቀብል ትል፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከጣና የወጣች ትንሽ ዓሣ ሆዷ ከልክ በላይ ተነፍቶ ከሆነ፣ በቢላ ሲከፍቷት አንዳንዴ የተጠቀለለ ነጭ ጥብጣብ የመሰለ ነገር ይወጣል። አስተውለው ቢያዩት ይንቀሳቀሳል። ሊጉላ የሚባል ትል ነው፤ የኮሶ ዘመድ። ጥገኛ ተውሳክ ያስጠጋውን እንስሳ ጠባይ እንዴት እንደሚለውጥ ለማወቅ ባሕር ዳር ላለን ሰዎች ከዚህ የቀረበ ምሳሌ የለም። ግን ስናወራው እንሳሳታለን።

የተለወጠ ጠባይ ሁሉ የትሉ ሥራ ነው ማለት። ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ሊጉላ ያለባት ዓሣ ከመንጋዋ ተነጥላ ወደ ውሃው ገጽ ትወጣለች። በሽተኛ ስለሆነች ደክማ ይሆን? ሆዷስ ስላበጠ መስመጥ አቅቷት? ይህን ሳያጣሩ «ትሉ ነዳት» ማለት አይቻልም። አስቀድመው ማን እንደሚጠቀም ይጠይቁ። ሊጉላ እንቁላል የሚጥለው ዓሣ በሚበላ ወፍ አንጀት ውስጥ ነው። እንቁላሉ ከኩሱ ጋር ውሃ ውስጥ ይወድቃል፤ የተፈለፈለውን በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ትንንሽ የውሃ እንስሳት ይውጡታል፤ እነሱን ደግሞ ዓሣ ትበላለች። ወፍ ካልያዛት የትሉ ዘር እዚያው ያበቃል። ስለዚህ ገጽ ላይ መዋሏ ለትሉ በትክክል የሚጠቅም ነው። እንዲያውም ሊጉላ የዓሣዋን የመራቢያ አካል እድገት ያቆማል፤ እሷ እንቁላል አታበጅም።

ትሉ አስቦበት ነው ማለት። ትል አያስብም። ዓሣዋ ቶሎ የተበላችለት ትል ብዙ ስለወለደ፣ ጠባዩ በትውልድ ብዛት ሰፋ።

የአይጡን ነገር ወደ ራስ መውሰድ። ቶክሶፕላዝማ የሚባል በዓይን የማይታይ ተውሳክ የያዘው አይጥ የድመት ሽታ መፍራት ሊተው ይችላል፤ ተውሳኩ የሚራባው ድመት አንጀት ውስጥ ነውና። ይህን ሰምቶ ድመቱን ከቤት ማባረር ግን አይገባም። ነፍሰ ጡር ሴት ተውሳኩ እንዳይዛት ልትጠነቀቅ የሚገባት ከድመት ዓይነ ምድርና ከጥሬ ሥጋ ነው።

ብልሃርዝያን ከነዚህ መቁጠር። ብልሃርዝያ የሚይዘን ውሃ ውስጥ ስንገባ ነው፤ ግን ወደ ሐይቁ የምንገባው ራሳችን ነን፤ ማንም አልነዳንም።

የዓሣ ሆድ ዕቃ ለወፎች መወርወር። ሲሻሙ ማየት ደስ ይላል፤ እኔም ልጅ ሆኜ ወርውሬያለሁ። ግን ትሉ በሕይወት ካለ፣ የቀረውን መንገድ በእጃችን ጨረስንለት ማለት ነው። ሆድ ዕቃውን ከውሃው ራቅ አድርገው ይቅበሩት።