ለኤንክሌክስ የልምምድ ጥያቄ ስትሠሩ

ለአሜሪካው የነርስ ፈቃድ ፈተና፣ ለኤንክሌክስ፣ የምትዘጋጁ ሁሉ፦ የሠራችሁትን ጥያቄ ብዛት ሳይሆን የተሳሳታችሁበትን ምክንያት ቁጠሩ። በቀን 50 ጥያቄ ይበቃል። ለመሥራት አንድ ሰዓት ከፈጀ ማብራሪያውን ለማንበብ ሁለት ሰዓት ያዙ። ገምታችሁ ያገኛችሁትንም ከስህተት መድቡት።

ለእያንዳንዱ ስህተት ደብተር ላይ አንድ መስመር ጻፉ። ጉዳዩን አላውቀውም ነበር? ቸኩዬ "በቅድሚያ" የሚለውን ቃል ዘለልኩት? ወይስ ሁለት ምርጫ ቀርቶኝ የተሳሳተውን ያዝኩ? የመጀመሪያው ወደ መጽሐፍ ይመልሳችኋል። ሦስተኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ የቅደም ተከተል ችግር ነው፤ የትኛው ታካሚ ይቅደም፣ የአየር መተላለፊያው ክፍት ነው ወይ፣ አተነፋፈሱስ፣ የደም ዝውውሩስ እያላችሁ ካልመረጣችሁ ሁለቱም ልክ ይመስላሉ።

በርዕስ ተከፋፍሎ የተዘጋጀ ልምምድ ለጅማሬ ካልሆነ በቀር ያታልላል። ምዕራፉ የልብ ሕመም መሆኑን ካወቃችሁ ግማሹ መልስ ተነግሯችኋል። ቀላቅላችሁ፣ ሰዓት ይዛችሁ ሥሩ። ዋናው ፈተና ከ85 እስከ 150 ጥያቄ ሲኖረው ጊዜው ቢበዛ 5 ሰዓት ነው፤ መዝለልም ሆነ ተመልሶ መልስ መቀየር አይቻልም። ስለዚህ በልምምድም "ቆይቼ አየዋለሁ" ማለትን ከአሁኑ ተዉት።

አንድን ጥያቄ ደጋግሞ መሥራት ውጤቱን ከፍ ያደርገዋል፤ የምታስታውሱት ግን መልሱን እንጂ ምክንያቱን አይደለም። ሁለት ሙሉ ፈተና ሳትከፍቱ ለመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት አስቀምጡ።