ለማዳቀል ጽጌረዳ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ በግቢያቸው ጽጌረዳ ማዳቀል የጀመሩ ሰዎች ምክር ሲጠይቁኝ፣ ጥያቄያቸው አብዛኛውን ጊዜ ስለ አበባ ብናኝ አወሳሰድና ስለ ዘር አዘራር ነው፤ ጥፋቱ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ወላጆቹ ሲመረጡ ደርሷል።

ከሁሉ የሚከፋው የእቅፍ አበባ ግንድ አጽድቆ ለእናትነት መምረጥ ነው። በሆለታና በዝዋይ ላስቲክ ቤቶች የሚመረቱት ጽጌረዳዎች የተመረጡት ግንዳቸው ረጅምና ቀጥ ያለ ስለሆነ፣ እንቡጣቸው ቀስ ብሎ ስለሚፈታና ከተቆረጡ በኋላ ብዙ ቀን ስለሚቆዩ ነው። በሽታን የሚከላከልላቸው መድኃኒት ርጭት ነው፤ ዘር ይይዙ እንደሆነ ግድ የሚሰጠው አምራች የለም። ብዙዎቹ የአበባ ቅጠላቸው እጅግ የተደራረበ በመሆኑ፣ ብናኝ መስጠት የነበረባቸው ወንዴ ክፍሎች ራሳቸው ወደ አበባ ቅጠልነት ተለውጠዋል። ከሠርግ አበባ ያጸደቀቻቸውን ሁለት ቀይ ጽጌረዳዎች ያዳቀለች አንዲት ወዳጄ ያገኘቻቸው ጥቂት ችግኞች፣ ገና ለጋ ሳሉ ነጭ ዱቄት በሚመስል ሻጋታ ተሸፍነው ቅጠላቸው ተጨማደደ። ቀኑ ሞቆ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት በእኛ ደጋ ይህ ሻጋታ አይጠፋም፤ ስለዚህ እባክዎ አበባውን ከማየትዎ በፊት ቅጠሉን ይዩ። ርጭት ሳያገኝ ክረምቱን አሳልፎ፣ በመስከረም ከታች እስከ ላይ ቅጠሉን ይዞ የቆመ ጽጌረዳ ካገኙ፣ አበባው ተራ ቢሆንም እንኳ ከማንኛውም የእቅፍ አበባ የተሻለ ወላጅ ነው።

ሁለተኛው ስህተት እናት የምትሆነው ጽጌረዳ ፍሬ መያዟን አለማረጋገጥ ነው። የጠወለገውን አበባ ሁሉ እየቆረጡ የሚጥሉ ሰዎች ይህን ሊያውቁ አይችሉም። ጥቂት አበባዎችን ሳይቆርጡ ይተዉ፤ የአበባው ቅጠል ከረገፈ በኋላ ከሥሩ ያለው አረንጓዴ እብጠት እየወፈረ ሄዶ ወደ ብርቱካንማ ወይም ወደ ቀይ ከተለወጠ፣ በምላጭ ሰንጥቀው በውስጡ ያለውን ጠንካራ ዘር ይቁጠሩ። ቢጫ ሆኖ ከረገፈ ያንን ዝርያ ለእናትነት አይጠቀሙበት፤ ብናኙ ደህና ከሆነ ለአባትነት ሊያገለግል ይችላል። ለዚህም ወንዴዎቹን ነቅለው ነጭ ወረቀት ላይ ያሳድሯቸው፤ በማግስቱ ወረቀቱ ላይ ቢጫ ዱቄት ካላራገፉ አባትም አይሆንም።

ስለ ቀጋ ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ፤ ጥያቄውም ደስ ይለኛል። ከሰሃራ በስተደቡብ ያለው ብቸኛ አገር በቀል ጽጌረዳ ቀጋ ነው፤ ደጋውን ለምዶታል፣ ነጭ አበባው መዓዛ አለው፣ ፍሬውንም እረኛ ሁሉ ያውቀዋል። ስህተቱ ግን ከትልልቅ ዘመናዊ ጽጌረዳዎች ጋር በቀጥታ አዳቅሎ ውጤቱን ወዲያው መጠበቅ ነው። ቀጋ 14 ክሮሞዞም (በሕዋስ ውስጥ ዘረመልን የሚሸከም ክር) ሲኖረው አብዛኞቹ ዘመናዊ ጽጌረዳዎች 28 ስላላቸው፣ ከእያንዳንዱ ወላጅ ግማሹን የሚወርሱት ልጆቻቸው በአብዛኛው 21 ይዘው ይወለዳሉ፤ እንዲህ ያለ ተክል ያምር ይሆናል እንጂ ዘር መስጠት ይከብደዋል። እ.ኤ.አ. በ1867 ፈረንሳይ ውስጥ የወጣው ዝነኛው ጽጌረዳ «ላ ፍራንስ» መካን ለመባል የተቃረበው በዚሁ ምክንያት ነው። ቀጋን የወደደ ሰው እንደ «ኦልድ ብለሽ» ወይም እንደ «ዘ ፌሪ» ካሉ 14 ክሮሞዞም ካላቸው ዝርያዎች ጋር ይጀምር። የመጀመሪያው ትውልድ በዓመት አንድ ወቅት ብቻ ቢያብብም ነቅለው አይጣሉት፤ ደጋግሞ የማበብ ባሕርይ ከሁለቱም ወላጆች ካልተወረሰ አይገለጥም፣ ስለዚህ ልጆቹን መልሶ ደጋግሞ ከሚያብበው ወላጅ ጋር ማዳቀል ያስፈልጋል።

ሰማያዊ ጽጌረዳ ለማግኘት ብሎ ወላጅ መምረጥ ድካም ብቻ ነው፤ ጽጌረዳ ሰማያዊውን ቀለም የሚሠራበት ዘረመል የለውም፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ጃፓን ለገበያ የቀረበው «አፕሎዝ» የተባለው ጽጌረዳ እንኳ በዘረመል ምህንድስና የተገኘና ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ነው።

በክተባ፣ ማለትም አንዱን ዝርያ በሌላው ሥር ላይ በማጣበቅ የተባዛ ተክል ከገዙ፣ ከክተባው በታች የበቀለው ቅርንጫፍ የሌላ ዝርያ መሆኑን አይርሱ፤ የመረጡት ወላጅ እሱ አይደለም።

በመጨረሻም በእኛ አገር ፍሬዋ ቶሎ የሚበስል እናት መምረጥ የግድ ነው። ፍሬ ለመብሰል አራት ወር ገደማ ይፈልጋል፤ በመስከረም የተዳቀለው የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ያገኘዋል። ውርጩ ካለፈ በኋላ በየካቲት መግቢያ ቢያዳቅሉ፣ ቶሎ የምታበስል እናት የሐምሌ ዝናብ ሳይበረታ ፍሬዋን ታደርሳለች፤ የምትዘገየው ግን ፍሬዋ ዛፏ ላይ እንዳለ በዝናብ ይበሰብሳል።