ስለ አኩፓንቸር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አኩፓንቸር ሰውነትን በቀጫጭን መርፌዎች እየወጉ ማከም ነው። ብዙ ሰው መርፌው የሚወጋው ያመመው ቦታ ላይ ብቻ ይመስለዋል። በቻይና ባህላዊ ሕክምና ግን ነገሩ ሰፋ ይላል። ቺ የሚባል የሕይወት ኃይል በ12 ዋና ዋና መስመሮች ሰውነትን ይዞራል፤ ሲታገድ ወይም ሲዛባ ሕመም ይመጣል ይላሉ። መርፌው የሚገባው በነዚህ መስመሮች ላይ ባሉ ነጥቦች ነው። ስለዚህ ጥርስዎን አሞዎት ሄደው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ቢወጉ አይገረሙ። ነጥቡ ሄጉ ይባላል፤ መስመሩ ከሌባ ጣት ተነስቶ ፊት ድረስ ይወጣል። እርጉዝ ከሆኑ ግን አስቀድመው ይናገሩ፤ ሄጉን ለነፍሰ ጡር ባህሉ ራሱ ይከለክላል።

የጎረቤትን ሕክምና ልቅዳ ማለትም አያዋጣም። ባለሙያው ምላስ አይቶ፣ የሁለቱንም እጅ የደም ትርታ ዳስሶ ነው ነጥብ የሚመርጠው። ራስ ምታት ያለባቸው ሁለት ሰዎች ሁለት ዓይነት ሕክምና ሊያገኙ ይችላሉ።

መርፌው ሲገባ ከበድ ወይም ደንዘዝ ማለቱ የሚጠበቅ ነው። ቻይናዎች ዴ ቺ ይሉታል፤ የቺ መድረስ ምልክት ነው ይላሉ። እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ስለታም ሕመም ሲሰማዎት ግን "ልቻለው" ብለው ዝም አይበሉ። ወዲያው ይናገሩ።

ትልቁ ስህተት ቺን እንደ ነርቭ ወይም የደም ሥር ተቀዶ የሚታይ ነገር አድርጎ መውሰድ ነው። እስካሁን ማንም አላገኘውም። "እንግዲያው ከንቱ ነው" ብሎ መዝጋትም ችኮላ ነው። በ2007 ጀርመን ውስጥ በጀርባ ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ትልቅ ጥናት ታትሞ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ በትክክለኛ ነጥቦች ከተወጉት 47.6 በመቶ፣ ነጥብ ባልሆነ ቦታ ላይ ላዩን ከተወጉት 44.2 በመቶ፣ መደበኛ ሕክምና ካገኙት 27.4 በመቶ ተሻላቸው። እኔ ከዚህ የምረዳው መርፌው አንዳንዱን ሕመምተኛ እንደሚረዳ፣ የነጥቦቹ ካርታ ግን የተባለውን ያህል ወሳኝ እንዳልሆነ ነው። ለመሻሉ ምክንያት ተመራማሪዎች የነርቭ መነቃቃትን፣ ኢንዶርፊን የተባለውን የሰውነት ማስታገሻና የታካሚውን ተስፋ ይጠቅሳሉ።

ስለዚህ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒትዎን በመርፌ አይተኩ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰዱ ይንገሩ። መርፌው ከታሸገ ፓኬት ዓይንዎ እያየ ካልተከፈተ ተነስተው ይሂዱ። ደረት ወይም የላይኛው ጀርባ ላይ ከተወጉ በኋላ ትንፋሽ ካጠረዎት ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይግቡ፤ መርፌው ሳንባ ነክቶ ሊሆን ይችላል።