ኪቦርድ ተጫዋች ዜማ ደራሲ እንዲሆን፦ ከሳካሞቶ አንዲት ዜማ ጋር መሥራት

ባንድ ውስጥ ኪቦርድ የምትጫወቱና የራሳችሁን ዜማ መድረስ የምትፈልጉ ከሆነ፣ መቶ ዘፈን ከመቃረም አንድ ሰው ያዙ። እኔ የያዝኩት ጃፓናዊውን ኪቦርድ ተጫዋችና ዜማ ደራሲ ሪዩዪቺ ሳካሞቶን ነው፤ ከሥራዎቹም አንዲት ዜማ፦ «ቶንግ ፑ»ን። ትርጉሟ የምሥራቅ ነፋስ ነው። (ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ዜማዋ የወጣችው በ1978፣ የሎው ማጂክ ኦርኬስትራ በሚባለው ባንዱ የመጀመሪያ አልበም ላይ ነው። ሃሩኦሚ ሆሶኖ ቤዝ፣ ዩኪሂሮ ታካሃሺ ድራም፣ ሳካሞቶ ኪቦርድ። በሴፕቴምበር 2022 ደግሞ ካንሰር እያሠቃየው፣ ቶኪዮ በሚገኝ የኤንኤችኬ (የጃፓን ብሮድካስት ድርጅት) ስቱዲዮ ብቻውን ፒያኖ ላይ ተቀምጦ ያችኑ ዜማ ለካሜራ ተጫወታት። ማርች 28 ቀን 2023 አረፈ። በሁለቱ ቅጂዎች መካከል የአንድ ኪቦርዲስት ሙሉ የሥራ ዘመን አለ። ሁለቱንም አግኙ፤ ሌላ ነገር አያስፈልጋችሁም።

በ1978ቱ ጀምሩ፣ ግን ኪቦርዱን አትንኩት። በጆሮ ማዳመጫ ሦስት ጊዜ ስሙት። መጀመሪያ ቤዙን ብቻ፣ ቀጥሎ ድራሙን ብቻ፣ በሦስተኛው ዜማውን እያንጎራጎራችሁ። ባንዱ ሮላንድ ኤምሲ-8 የሚባል ማሽን ነበረው። ኖታው በቁጥር እየተለወጠ አንድ በአንድ ይመታበታል፤ ይህን ሥራ የያዘው ሂዴኪ ማትሱታኬ ነበር። ማሽኑ ፍጥነቱን ለማንም አይቀንስም፣ ሰዎቹ ናቸው እሱን ተከትለው የሚጫወቱት። ስለዚህ እናንተም ስትለማመዱ ሜትሮኖም (ምቱን እኩል የሚቆጥር መሣሪያ) ክፈቱ። አንድ ሳምንት ሙሉ ያለ ሜትሮኖም ቁልፍ አትንኩ።

ከዚያ ዜማውን በቀኝ እጅ ብቻ ያዙ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኔን የቀየረኝ ይህ ነው። የመጀመሪያ ዜማዬን ለባንዳችን ሳቀርብ ሁለት እጄን ሞልቼ ነበር የተጫወትኩት፤ ግራዬ እታች ያለውን ኦክታቭ ሁሉ፣ የቤዙን ወፍራም ድምፆች ማለት ነው፣ ይዞታል። ቤዝ ተጫዋቻችን መሀል ላይ አቆመና «እህቴ፣ ግራ እጅሽ እኔ ቤት ምን ይሠራል?» አለኝ። ያን ቀን ግራ እጄን ከጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩ። ዜማዬን በቀኝ እጄ ብቻ፣ ያለ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) ስጫወተው ከአራተኛው መስመር በኋላ ምንም አልነበረም። ዜማ ብዬ የያዝኩት የኮርድ ልማድ ኖሯል። «ቶንግ ፑ»ን ግን በአንድ ጣት ብትጫወቷት ማን እንደሆነች ትታወቃለች። የራሳችሁንም በዚህ መንገድ ፈትኑት፤ በአንድ ጣት ካልቆመ ገና አልተጻፈም።

የቆመ ዜማ ሲኖራችሁ ወረቀት አውጡ። ሳካሞቶ በቶኪዮ የሥነ ጥበባት ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ድርሰት ተምሮ ማስተርሱን ይዟል፤ ፈረንሳዊውን የሙዚቃ ደራሲ ደቡሲን ከልጅነቱ ጀምሮ ይወድ ነበር። ያንን ትምህርት ሁሉም ሰው አያገኝም፣ ልማዱን ግን ማንም መያዝ ይችላል። ለቤዝ አንድ መስመር፣ ለድራም አንድ፣ ለኪቦርድ አንድ አስምሩ። ኖታ የማትጽፉ ከሆነ የኮርዱን ስምና ማን የት እንደሚያርፍ ጻፉ። ከኪቦርዱ መስመር ግማሹ ባዶ እስኪሆን ድረስ ሰርዙ።

ቀጥሎ በትእዛዝ መሥራትን ተለማመዱ። ባንዱ በ1983 ሲበተን ሳካሞቶ በዚያው ዓመት በወጣው በጃፓናዊው ዳይሬክተር በናጊሳ ኦሺማ ፊልም ላይ ተዋናይ ነበር። እንዲተውን ሲጠየቅ ሙዚቃውንም ከሰጣችሁኝ አለ፤ ከዚያ በፊት ግን የፊልም ሙዚቃ ጽፎ አያውቅም። በ1988 በጣሊያናዊው ዳይሬክተር በቤርቶሉቺ ፊልም ሙዚቃ ከዴቪድ በርንና ከኮንግ ሱ ጋር ኦስካር ወሰደ። ለእናንተ የሁለት ደቂቃ ድምፅ አልባ ትዕይንት ይበቃል። አምስት ኖታ ብቻ ምረጡ፣ እስከ ነገ ማታ ጨርሱ። ቀነ ገደቡን አታራዝሙ።

አሁን ወደ 2022ቱ ቅጂ ኑ። ያቺ ፈጣን ዜማ እዚህ በጣም ቀስ ብላ ነው የምትሄደው። ልብ በሉ፦ ሲንተሳይዘር (ድምፁን በኤሌክትሪክ የሚፈጥር ኪቦርድ) ላይ ጣታችሁ እስካልተነሳ ድረስ ድምፁን ማቆየት ይቻላል፣ ፒያኖ ላይ ግን ከተመታባት ቅጽበት ጀምሮ እየሞተ ይሄዳል። ስለዚህ በባንዱ ቅጂ ረጅም የነበረች ኖታ ፒያኖ ላይ ሌላ ነገር ትሆናለች፤ ወይ ከሥሯ የሚደግፋት ኮርድ ትፈልጋለች፣ ወይ ዝም ብላ እንድትጠፋ ትተዋላችሁ። ለእያንዳንዷ ረጅም ኖታ ከሁለቱ አንዱን ወስኑ። እኔ ብዙ ጊዜ እንድትጠፋ መተውን እመርጣለሁ።

የራሳችሁን ዜማ ሁለቴ ቅረጹ፤ አንዴ ከባንዱ ጋር በሙሉ ፍጥነት፣ አንዴ ብቻችሁን በግማሽ ፍጥነት። ለዚህ ስልክ በቂ ነው። ቅጂው ላይ ቀኑን ጻፉበት። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ቀን፣ አሮጌውን ሳትሰሙ ያንኑ ዜማ እንደገና ቅረጹና ከዚያ ጎን ለጎን አድምጡ።