በር ስትገዙ ፊቱን ሳይሆን ግርጌውን እዩ

ቫርኒሽ ተቀብቶ ሱቅ ውስጥ የቆመ በር ሁሉ ዋንዛ ይመስላል። ሻጩም «ሙሉ እንጨት ነው» ይላል፤ ምን ይበል? በሩን ዘንበል አስደርጉና የታችኛውን ጠርዝ በስልካችሁ መብራት እዩት። እዚያ ጋ የሚቀባ ብዙም ስለሌለ ጉዱ ይወጣል። እንጨት ከሆነ የተቆረጠው የእንጨቱ የተፈጥሮ መስመር ይታያል። ኤምዲኤፍ፣ ማለትም ከላመ የእንጨት ብናኝና ሙጫ የተጨመቀ ጣውላ፣ እንደ ተጠቀጠቀ ካርቶን ልሙጥ ነው፤ ቺፕውድ፣ ከእንጨት ፍርፋሪ የተጣበቀው፣ ፍርፋሪው ያስታውቃል። ዳሩ እንጨት ሆኖ መሀሉ ባዶ የሆነም ስላለ መሀሉን አንኳኩት።

ከገዛችሁ በኋላ ያንኑ ጠርዝ ሳይሰቀል ቫርኒሽ አስቀቡት። ክረምት ላይ እርጥበት በብዛት የሚጠጣው በዚያ በኩል ነው። ለመኝታ ቤት ኤምዲኤፍም ይበቃል፣ ዋጋው የእንጨት እስካልሆነ ድረስ። ለውጭ በርና ለሻወር ግን ይቅርባችሁ፤ ውሃ ሲነካው ያብጣል።