«አውቀው ነበር፣ ጠፋብኝ»፦ የማሳጅ የጽሑፍ ፈተናን እንዴት እንደምንሠራ

እጄ ጎበዝ ነው። ደሴ የማሳጅ ሥልጠና ስወስድ የተግባር መምህራችን ሌሎቹን «እሱ እንደሚያደርገው አድርጉ» ትላቸው ነበር። የጽሑፍ ፈተናው ላይ ግን ወደቅኩ። ያውም በከባዶቹ ጥያቄዎች አይደለም። «ስማቸውን ጥቀስ»፣ «አራቱን ዘርዝር» በሚሉት፣ ምንም ማሰብ በማይፈልጉት፣ ማስታወስ ብቻ በሚጠይቁት ነው።

ሁለተኛ ጊዜ ተፈትኜ አለፍኩ። በመካከል የለወጥኩትን ነው የምነግራችሁ። የኮሌጅ ፈተናም ይሁን የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ቴዎሪ፣ አሠራሩ ያው ነው።

1. ጥያቄው ስንት ነገር እንደሚፈልግ ቁጠሩ

ሊስት ካለ ስም ብቻ ነው። ዲፋይን ካለ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። «ምክንያቱም» የሚገባው ኤክስፕሌን ሲል ነው። ሦስት ጥቀስ ከተባላችሁ ሦስት ጻፉ። የቴዎሪ መምህራችን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ብቻ ነበር የሚያርመው፤ ትክክለኛው መልስ አምስተኛ ላይ ቢሆን ለእሱ የለም። ኖት (አይደለም) እና ኤክሴፕት (በስተቀር) የሚሉትን ቃላት ባያችሁ ቁጥር ክበቡባቸው።

2. ደብተሩን ዝጉ

መጀመሪያ ሳጠና ከኮምቦልቻ ደሴ እመላለስ ነበር። ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት መውጣት ሲጀምር ሃንድአውቴን አወጣለሁ፣ አነባለሁ። ማታ ቤት ያንኑ እደግማለሁ። ሃይላይተር ገዝቼ አሰመርኩበት። መጨረሻ ላይ ወረቀቱ አደይ አበባ የፈነዳበት ሜዳ መሰለ፤ ቢጫ ያልሆነ መስመር ጠፋ። (ሃይላይተር አትግዙ። ብሩን ለወረቀት አድርጉት።) አምስተኛ ጊዜ ሳነበው ሁሉንም የማውቀው መሰለኝ።

ሸወደኝ። ወረቀቱ ላይ አይቶ «አዎ፣ ይቺን አውቃታለሁ» ማለት ሌላ ነው፤ ወረቀቱ በሌለበት ከራስ ማውጣት ሌላ። ፒያሳ ላይ በየቀኑ ሰላም የምትሉት ሰው ይኖራል። ፊቱን ታውቁታላችሁ። ስሙ ማነው ብትባሉ ግን ዝም ነው። ፈተናው ደግሞ የሚጠይቀው ስሙን ነው።

ስለዚህ አንድ ገጽ አንብቡና ዝጉት። ባዶ ወረቀት አውጡ። የምታስታውሱትን ሁሉ ጻፉ፤ ሥዕሉንም ጭምር። መጀመሪያ ላይ ያሳፍራል። እኔ ስለ ትከሻ ጡንቻዎች አንድ ሙሉ ገጽ አንብቤ ሁለት ስም ብቻ ነው የወጣኝ። ሲያቅታችሁ ቶሎ አትክፈቱት። ትንሽ ታገሉት፤ ምላሳችሁ ጫፍ ላይ የደረሰው ስም እስኪወጣ ጊዜ ስጡት። እምቢ ካለ ክፈቱና የጎደለውን በቀይ እስክሪቢቶ ሙሉ። ነገ የምታጠኑት ቀዩን ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ድገሙት፣ ከሳምንት በኋላም እንደገና። በየጊዜው ቀዩ እያነሰ ይሄዳል።

ሰው ካላችሁ ደግሞ ይጠይቃችሁ። እኔን ታናሽ እህቴ ነበረች የምትጠይቀኝ። ሰባተኛ ክፍል ናት፤ ስሞቹን ማንበብ ይከብዳታል። «ጋሼ፣ ይቺ ሰብ... ሰብስካ... ምንድን ናት?» ትለኛለች። ጎበዝ ጓደኛ ሲጠይቅ ሳያስበው ፍንጭ ይሰጣል። እሷ ፍንጭ የላትም፣ አታዝንም። ስሳሳት ትስቃለች፤ የሳቀችበትን ደግሞ አልረሳውም።

ስለ ጫትም አንድ ነገር ልበል፤ ደሴ ሆኖ ይህን መዝለል ማስመሰል ነው። ሞክሬዋለሁ። በምርቃና ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የሰውነት አጥንት ሁሉ 206ቱም ወለል ብሎ ይታየኛል። ጠዋት አንዱም የለም። ለእኔ አልሠራም።

3. ማስታወሻ ዘዴውን ራሳችሁ ፍጠሩ

የአከርካሪ አጥንቶች ቁጥር ከላይ ወደ ታች 7፣ 12፣ 5፣ 5፣ 4 ነው። አንገት 7፣ ደረት 12፣ ወገብ 5፣ ሳክረም (ከወገብ በታች) የተጣበቁ 5፣ ኮክሲክስ (ጭራ አጥንት) 4። ፈረንጆቹ ቁርስ በ7፣ ምሳ በ12፣ እራት በ5 እያሉ ይሸመድዱታል። በእኛ ሰዓት ይህ እብደት ነው። እኔ ምሳ በ7፣ ከሥራ መውጫ በ12፣ መኝታ በ5 አልኩት። በቃ፣ ገባልኝ።

የሮቴተር ካፍ (የትከሻን መገጣጠሚያ ከበው የሚይዙት) አራት ጡንቻዎች ሱፕራስፓይናተስ፣ ኢንፍራስፓይናተስ፣ ቴረስ ማይነር እና ሰብስካፑላሪስ ናቸው። የእኔው ዘዴ «ሰኞ እናቴ ተልባ ሰፈረች» የሚል ነው፤ ሰኞ ገበያን እያሰብኩ። እዚህ ውስጥ ወጥመድ አለ። ቴረስ ሜጀር የሚባል ሌላ ጡንቻ አለ፤ ሮቴተር ካፍ ውስጥ አይገባም፤ ምርጫ ውስጥ ግን አይጠፋም። ተልባ ትንሽ ናት፣ ስለዚህ ማይነር። ተማሪ በቴሌግራም ከሚቀባበላቸው የድሮ ጥያቄዎች በአንዱ ላይ ቴረስ ሜጀር ትክክል ተብሎ ተሰምሮበት አይቻለሁ። ጥያቄዎቹን ውሰዱ፣ መልሱን ግን ከመጽሐፍ አመሳክሩ።

4. አንድ የአማርኛ ቃል ለሁለት ነገር ሲሆን

እዚህ ላይ ልቆይ፤ የወደቅኩት እዚህ ነው።

ጥያቄው «ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘው የቱ ነው?» የሚል ነበር። ምርጫው ውስጥ ቴንደንም ሊጋመንትም አለ። እኔ ጭንቅላት ውስጥ ያለው አንድ ቃል ነው፦ ጅማት። ሁለቱንም ጅማት እያልኩ ነው ያጠናሁት። ልጅ ሆኜ ኳስ ስጫወት እግሬ ወለም ሲለኝ የሰፈራችን ወጌሻ «ጅማትህ ነው፣ አብሽር» እያሉ ያሹኝ ነበር። የትኛው ጅማት እንደሆነ የጠየቃቸው የለም፤ እግሬም ዳነ። ፈተናው ግን ይጠይቃል። ሊጋመንትን አጠቆርኩ።

ቴንደን ጡንቻን ከአጥንት ያያይዛል። ሊጋመንት አጥንትን ከአጥንት። አሁኑኑ ከተረከዛችሁ በላይ ያለውን ወፍራም ገመድ በሁለት ጣት ያዙት። አኪለስ ቴንደን ነው፤ የባት ጡንቻን ከተረከዝ አጥንት ጋር ይይዛል። የኳስ ተጫዋች ጉልበት ውስጥ «ተበጠሰ» ሲባል የምትሰሙት ደግሞ ብዙ ጊዜ የጭን አጥንትን ከቅልጥም ጋር የሚይዘው ሊጋመንት ነው።

ከዚያ በኋላ ደብተሬ ውስጥ ለእንደዚህ ዓይነት ቃላት አንድ ገጽ ለየሁ። ስንት እንደሚሆኑ ብታዩ ትገረማላችሁ። እኛ «እጅ» ስንል ከትከሻ እስከ ጣት ነው። አናቶሚ ላይ አርም ከትከሻ እስከ ክርን ብቻ ነው፣ ፎርአርም ከክርን እስከ አንጓ፣ ሃንድ ከአንጓ በታች። «እግር»ም እንደዚያው፤ ሌግ ማለት ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፣ ጭን አይገባበትም። «የደም ሥር» ደግሞ አርተሪም ቬይንም ነው። ለዚህኛው እንኳ የትምህርት ቤቱ አማርኛ ያድናል፦ ደም ቅዳ ከልብ ይወስዳል፣ ደም መልስ ወደ ልብ ይመልሳል። እጅና እግር ስናሽ ረጃጅሙን ግፊት ወደ ልብ አቅጣጫ የምናደርገው ደም መልሱን ተከትለን እንደሆነ ካወቃችሁ ሁለት ጥያቄ በአንድ ያዛችሁ።

የተገላቢጦሹም አለ፤ በአማርኛ ስትጽፉት አንድ የሚመስል፣ በእንግሊዝኛ በአንድ ፊደል የሚለይ። አይሊየም የዳሌ አጥንትም ነው፣ የትንሹ አንጀት መጨረሻ ክፍልም ነው። አጥንቱ (ilium) መሃል ላይ አይ (i) አለው፣ አንጀቱ (ileum) ኢ (e)። ኢት ማለት መብላት ነው፣ በኢ ይጀምራል፤ ምግብ የሚሄድበት እሱ ነው። ስሞቹን በእንግሊዝኛ ፊደል በእጃችሁ ጻፏቸው የምለው ለዚህ ነው። በጆሮ ብቻ ያጠና እዚህ ላይ ይወድቃል።

5. ማሳጅ የሚከለከልበትን ዝርዝር ከምክንያቱ ጋር ያዙ

በቃል ብቻ ከያዛችሁት ይበናል። አንድ ሰው አስቡበት። ከሚሌ መንገድ የተመለሰ የከባድ መኪና ሹፌር ኮምቦልቻ ደርሶ «አንዱ ባቴ አብጧል፣ ይሞቃል፣ ያመኛል፣ እሽልኝ» ይላችኋል። ለረጅም ሰዓት ተቀምጧል። እግሩ ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ብታሹት የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ሊዘጋ ይችላል። አይነካም፤ ሐኪም ቤት ይላካል። ይህን ሹፌር ካሰባችሁት በኋላ ዲፕ ቬይን ትሮምቦሲስ የሚለው ስም አይጠፋም። ትኩሳትና ተላላፊ በሽታም መላ ሰውነትን ከማሸት ይከለክላሉ። ቁስልና የተቃጠለ ቆዳ የሚከለክሉት ያንን ቦታ ብቻ ነው። ዝርዝሩን «ሙሉ በሙሉ» እና «ቦታው ብቻ» ብላችሁ ሁለት ቦታ ክፈሉት።

የታሪክ ጥያቄም አንድ አይጠፋም። የስዊድን ማሳጅ ሲነሣ ስሙ የሚጠራው ስዊድናዊው ሊንግ እ.ኤ.አ. በ1813 ስቶክሆልም ላይ የጂምናስቲክ ተቋም የመሠረተ ነው። ኤፍለራዥ፣ ፔትሪሳዥ የሚሉት የፈረንሳይኛ የማሳጅ ዓይነት ስሞች ግን የሚያያዙት ከሆላንዳዊው ሐኪም ከሜዝገር ጋር ነው። ሊንግ በ1839 ሲሞት ሜዝገር ገና ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነበር። ሁለቱን የምታቀላቅሉ ከሆነ ይህችን ያዙ።

6. የፈተናው ቀን

ከኮምቦልቻ የምትመጡ በጊዜ ውጡ። ሐረጎ ጉም ከያዘው መኪናው ያዘግማል፣ ደሴ ደግሞ ጠዋት እጅ ያደነዝዛል።

ጀምሩ ከተባለ በኋላ፣ ጥያቄ ሳታነቡ፣ የተፈቀደው ባዶ ቦታ ላይ 7-12-5-5-4ን እና የሰኞዋን ተልባ ጻፉ። ከዚያ የምታውቁትን ሥሩ፣ የጠፋባችሁን ዝለሉ፣ ተመለሱ። አንዳንዴ የአንዱ ጥያቄ መልስ ሌላው ጥያቄ ውስጥ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ምርጫ ባዶ አትተዉ። ስትዘሉ የማጥቆሪያው ወረቀት ላይ ቁጥሩ እንዳይዛባ ተጠንቀቁ።

የመጨረሻዋ የእኔ ብልሃት እጅ ነው። አምስቱን የስዊድን ማሳጅ ዓይነቶች ስሙን እየጠራሁ በገዛ ጭኔ ላይ ነው ያጠናኋቸው። ኤፍለራዥ፣ መዳበስ። ፔትሪሳዥ፣ እንደ ሊጥ ማሸት። ፍሪክሽን፣ መፈተግ። ታፖትመንት፣ መጠብጠብ። ቫይብሬሽን፣ ማንቀጥቀጥ። ስሙ ሲጠፋ እጄ ያስታውሰኛል። ሁለተኛው ፈተና ላይ አራተኛው ጠፋብኝና ከጠረጴዛው ሥር ጭኔን መጠብጠብ ጀመርኩ። ፈታኙ ወረቀት የደበቅኩ መስሎት አስነሳኝ፣ ኪሴን አስገለበጠኝ። ባዶ ነው። ስቀመጥ ታፖትመንት መጥቶልኝ ነበር። እናንተ ግን እጃችሁን ጠረጴዛው ላይ አድርጋችሁ ጠብጥቡ።